ከመርፌ እስከ መርፌ፦ ለሥር የሰደደ ሄፓታይተስ ቢ ስለሚሰጠው ሳምንታዊ መርፌ



የመጣሁት ስለ አንድ መርፌ ለመናገር ነው። የሳይንስ ስሙ ፔግኢንተርፌሮን አልፋ-2ኤ ይባላል፤ በየፋርማሲው ይበልጥ የሚታወቀው ፔጋሲስ በሚለው የንግድ ስሙ ነው። ሥር የሰደደ ሄፓታይተስ ቢ ካለባቸው ሰዎች ለአንዳንዶቹ በሳምንት አንድ ቀን፣ ለ48 ሳምንታት ይታዘዛል። ቆዳ ሥር የሚሰጥ ስለሆነ ታካሚው ቤቱ ሆኖ ራሱን ሊወጋ ይችላል፤ አወጋጉን ለመማርም ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ታዲያ ይህን ያህል ሰው አዳራሽ ውስጥ የሚያስቀምጥ ምን ጉዳይ አለ? በዚህ ሕክምና ሰው የሚጎዳው በአብዛኛው ሲወጋ አይደለም። የሚጎዳው በአንዱ መርፌና በሚቀጥለው መካከል ባሉት ስድስት ቀናት፣ እንዴት ሰነበትክ ብሎ የሚጠይቀውና ደሙን የሚያይለት ሲያጣ ነው። ስለዚህ ስለ አወጋጉ ጥቂት፣ ስለ ስድስቱ ቀናት ብዙ እናገራለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው።

እኛ አገር መርፌ ክብር አለው። ጤና ጣቢያ ሄዶ ክኒን ብቻ ተሰጥቶት የተመለሰ ሰው «እንዲሁ ሳይወጉኝ ሰደዱኝ» ብሎ ቅር ይለዋል፤ የተወጋው ግን ገና ከግቢው ሳይወጣ ይሻለዋል። ይህ እምነት ወደ ሄፓታይተስ ቢ ሲመጣ ሰው ያሳስታል። ክኒኑ ለሌለው፣ መርፌው ላለው የተሠራ ይመስላቸውና ውጭ አገር ያለ ዘመዳቸውን «መርፌውን ግዛልኝ» ብለው የሚያስጨንቁ አሉ። መርፌው ከክኒኑ አይበልጥም፤ ክኒኑም ከመርፌው አይበልጥም። ሥራቸው የተለያየ ነው፤ የሚስማማቸውም ሰው እንዲሁ።

ሌላም መደባለቅ አለ። «የጉበት መርፌ» ሲባል አንዱ ክትባቱን ያስባል። ክትባቱ ቫይረሱ ላልያዘው ሰው ነው፤ ቫይረሱ ገብቶ ለከረመበት ምንም አይጠቅመውም፤ ገንዘቡን ብቻ ያስወጣዋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ ክትባት ከሌሎች አራት ክትባቶች ጋር ተዋህዶ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ2007 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለድነው አብዛኞቻችን በሕፃንነታችን አላገኘነውም። ሌላው ደግሞ ቫይረሱ ካለባት እናት ለሚወለድ ሕፃን ከክትባቱ ጋር ሊሰጥ የሚችለውን ኢሚዩኖግሎቡሊን ያስባል። እሱም ሕክምና ሳይሆን መከላከያ ነው። የዛሬው መርፌያችን ከሁለቱም የተለየ ነው።

ይህ ቫይረስ ከመርፌ ጋር ያለው ትውውቅ የቆየ ነው። በ1883 ጀርመን ውስጥ ብሬመን ከተማ የመርከብ መሥሪያ ሠራተኞች የፈንጣጣ ክትባት ተከተቡ። ክትባቱ ከሰው የተወሰደ ፈሳሽ ነበረበት። ከወራት በኋላ ከ1,289 ሠራተኞች 191ዱ ዐይናቸው ቢጫ ሆነ፤ ሉርማን የተባለ ሐኪም ጉዳዩን መዝግቦ በ1885 አሳተመው። በ1942 ደግሞ የአሜሪካ ጦር ወታደሮቹን የቢጫ ወባ ክትባት ሲከትብ ክትባቱ ውስጥ የሰው ሴረም ተጨምሮ ነበርና ወደ 50,000 የሚጠጉ ወታደሮች ጉበታቸው ታሞ ሆስፒታል ገቡ። ከቢጫ ወባ ሊያድኗቸው ብለው ቢጫ አደረጓቸው። ከአሥርት ዓመታት በኋላ የእነዚያ ወታደሮች ደም ሲመረመር ጥፋተኛው ሄፓታይተስ ቢ ሆኖ ተገኘ። እኛ ዘንድ የዐይን ቢጫነት «የወፍ በሽታ» ተብሎ የሌሊት ወፍ ስትታማበት ኖራለች። ወፏ የለችበትም። ቫይረሱ የሚተላለፈው በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ነው፤ ደርቆ እንኳ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ሰባት ቀን ይቆያል። ይህችን የሰባት ቀን ነገር ያዙልኝ፤ ስለ ተጠቀምንበት መርፌ ስናወራ ትፈለጋለች።

አሁን መድኃኒቱ ምን እንደሚሠራ እንይ። ቫይረሱ ጉበት ሴል ውስጥ ሲገባ ዋናውን ቅጂ በሴሉ አስኳል ውስጥ ያስቀምጥና ከዚያ እያባዛ ይልካል። ቴኖፎቪርና ኢንቴካቪር የሚባሉት ክኒኖች ማባዣውን ያቆማሉ፤ ዋናው ወረቀት ግን መሳቢያው ውስጥ እንዳለ ነው። ክኒኑን ያቆመ ሰው ማባዣውን መልሶ ከፈተው ማለት ነው። ለዚህ ነው ክኒኑ ብዙውን ጊዜ ለረጅም ዓመታት፣ ለብዙዎች ዕድሜ ልክ የሚወሰደው፤ በራስ ፈቃድ በድንገት ማቋረጡም ጉበትን ክፉኛ ሊያስቆጣ የሚችለው።

ኢንተርፌሮን መንገዱ ሌላ ነው። በ1957 ለንደን ውስጥ አሊክ አይዛክስና ዣን ሊንደንማን የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በሙቀት እንዳይሠራ የተደረገ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ በጫጩት ፅንስ ሽፋን ላይ ሲያኖሩ፣ የተነኩት ሴሎች አንድ ነገር አመንጭተው ሌሎች ሴሎችን ከቫይረስ ሲከላከሉ አዩ። ያንን ነገር ኢንተርፌሮን ብለው ሰየሙት። ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው የማንቂያ ደወል ነው። ጉንፋን ሲበረታብን የሚያንቀጠቅጠንና አጥንታችንን የሚቆረጥመን በከፊል እሱ ነው። መርፌው ይህንኑ ደወል ከውጭ ያስገባና ለዓመታት ቫይረሱን ችሎ የኖረውን የመከላከያ ኃይላችንን ያስነሳዋል። የቀድሞው ዓይነት በሰዓታት ውስጥ ከሰውነት ስለሚወጣ በሳምንት ሦስት ጊዜና ከዚያም በላይ ይወጋ ነበር። «ፔግ» የሚለው ቅጥያ ኢንተርፌሮኑ ላይ የተያያዘውን ረጅም ኬሚካል ያመለክታል፤ ኬሚካሉ መድኃኒቱ ቶሎ እንዳይወጣ ስለሚያዘገየው በሳምንት አንዴ መወጋት በቂ ሆኗል።

ከዚህ አሠራሩ ጥቅሙም ጉዳቱም ይገባናል። ጥቅሙ ጊዜው የተወሰነ መሆኑ ነው፤ 48 ሳምንታት ማለት አሥራ አንድ ወር ገደማ ነው። ከተሳካ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም የሰውነት የራሱ ኃይል ቫይረሱን ይዞ ይቀጥላል። ጉዳቱ ደግሞ የተነሣ መከላከያ ወዳጅና ጠላት ሁልጊዜ አይለይም፤ ጉበትን፣ ታይሮይድን፣ አእምሮን ሊነካ ይችላል።

ስንት ሰው ይጠቀማል? በ2005 በታተመ ታላቅ ጥናት 814 ሰዎች ተሳትፈው ነበር። ሁሉም ቫይረሱ በኃይል ሲባዛ የሚታየው ኢ-አንቲጅን የሚባለው ምልክት ደማቸው ውስጥ ያለ ናቸው። ሕክምናው ካለቀ ከስድስት ወር በኋላ፣ ይህ ምልክት ጠፍቶ በቦታው መከላከያ አካል የተተካላቸው መርፌውን ብቻ ከወሰዱት 32 በመቶ፣ ላሚቩዲን የሚባለውን የዚያን ጊዜ ክኒን ብቻ ከወሰዱት 19 በመቶ ነበሩ። ሁላችንም የምንመኘው ድል፣ የቫይረሱ የላይ ሽፋን አንቲጅን ራሱ ከደም ጠፍቶ መከላከያ አካል መተካቱ፣ መርፌውን ብቻውን ወይም ከክኒን ጋር ከወሰዱት 542 ሰዎች በ16ቱ ታየ። ስለዚህ መርፌው ተአምር አይደለም፤ ከንቱም አይደለም። ከሦስት ሰው አንዱ ይረካበታል፣ ሁለቱ መከራውን ቀምሰው ወደ ክኒን ይመለሳሉ። ይህን ቁጥር ሳይሰማ መርፌውን የጀመረ ሰው ተመክሯል ብዬ አልቆጥርም።

የቫይረሱ ዝርያም ይወስናል። ኤ የሚባለው ዝርያ ዲ ከሚባለው ይልቅ ለመርፌው እሺ ይላል። በኢትዮጵያ በብዛት የሚገኙት እነዚሁ ሁለቱ ናቸው፤ ስለዚህ ያለ ምርመራ መገመት አይቻልም። ደግሞም እኛ ዘንድ አብዛኛው ጎልማሳ ታካሚ ኢ-አንቲጅን የሌለበት ነው፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ከመርፌው በኋላ ጸንቶ የሚቆይ ውጤት ማግኘት ይበልጥ ይከብዳል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያዎች ቴኖፎቪርን ወይም ኢንቴካቪርን የሚያስቀድሙት በከንቱ አይደለም። በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ በ2015 የጀመረው የሄፓታይተስ ቢ ሕክምናም በቴኖፎቪር ላይ የቆመ ነው። መርፌው በይበልጥ የሚያጋጥመው ይህን ንግግር ታትሞ በአሜሪካ፣ በእስራኤል ወይም በአውሮፓ የምታነቡትን ነው። ሐኪሙ ሁለቱንም መንገድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ «የቱን ትመርጣላችሁ?» ሊላችሁ ይችላል።

ወደ ዐረብ አገር ለሥራ ለመሄድ የጤና ምርመራ አድርገው በዚያው ቫይረሱ እንዳለባቸው ለሰሙት እኅቶችና ወንድሞች ለብቻው አንድ ነገር ልበል። ያ ወረቀት የሚለው ቫይረሱ አለ ነው። ሕክምና ያስፈልጋል፣ ይልቁንም መርፌ ያስፈልጋል አይልም። ቪዛው ቸኩሎ «በስድስት ወር ከደም የሚያጠፋ መርፌ» እያለ የሚሸጥላችሁ ደላላ ካለ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

መርፌው የማይነካቸው ሰዎች አሉ፤ እዚህ ላይ ድርድር የለም። ጉበቱ ጠጥሮ ሥራውን መሸከም ያቃተው፣ ሆዱ ውሃ የቋጠረ፣ ደም ያስታወከ ወይም አእምሮው የተጋረደበት ሰው መርፌውን ከወሰደ ሊሞት ይችላል። ነፍሰ ጡር፣ ለማርገዝ የምታስብም፣ አትወስደውም፤ ለእሷ ቴኖፎቪር አለ። የሰውነቱ መከላከያ የገዛ ጉበቱን የሚያጠቃበት፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ወይም ራሱን ለማጥፋት ሞክሮ የሚያውቅ፣ የሚጥል በሽታው ወይም የልብ ሕመሙ ያልተረጋጋ ሰው መጀመሪያ ይህንን ለሐኪሙ ሳይደብቅ ይናገር። በተለይ የአእምሮ ሕመም ታሪክን መደበቅ ይቀናናል፤ እፍረቱ ይገባኛል፣ ግን የዚህን መድኃኒት ያህል ያ ምስጢር የሚጎዳበት ቦታ ጥቂት ነው። ቴልቢቩዲን የሚባለውን ክኒን የሚወስድም መርፌውን አይጨምርበትም፤ ሁለቱ ሲገናኙ የእጅና የእግር ነርቮችን ይጎዳሉ።

ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ደም ይሰጣል፤ ብዙ ደም። የጉበት ኤንዛይሞች፣ የቫይረሱ መጠን፣ የታይሮይድ ሥራ፣ ስኳር፣ ኤችአይቪ፣ ሄፓታይተስ ሲና ዴልታ ይታያሉ። ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ዐይኑንም ያሳይ፤ መድኃኒቱ የዐይንን ውስጠኛ ሽፋን ሊነካ ይችላልና። ዴልታ ከሄፓታይተስ ቢ ጋር ብቻ የሚኖር ሌላ ቫይረስ ነው፤ ካለ የሕክምናው አቅጣጫ ሁሉ ይለወጣል። ለእሱ በአውሮፓ ከ2020 ጀምሮ ቡሌቨርታይድ የተባለ በየቀኑ የሚወጋ መድኃኒት ተፈቅዷል፤ ያ ለብቻው ሌላ ንግግር ይፈልጋል።

ከእነዚህ ምርመራዎች እኛን በተለየ የሚመለከተን የደም ሴሎች ቆጠራ ነው። ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች በብዙ የአፍሪካ፣ የየመንና የኢትዮጵያ ተወላጆች ደም ውስጥ ከፈረንጆቹ መለኪያ ዝቅ ብለው ይገኛሉ። ሰውየው ጤነኛ ነው፤ ተፈጥሮው ነው። ኢንተርፌሮን ደግሞ እነዚህኑ ሴሎች ዝቅ ያደርጋል። በተለመደው መመሪያ ቁጥሩ ከ750 ሲወርድ መጠኑ ከ180 ወደ 135 ማይክሮግራም ይቀነሳል፣ ከ500 ሲወርድ መድኃኒቱ ለጊዜው ይቆማል። የመነሻ ቁጥሩ ያልተመዘገበ ኢትዮጵያዊ እንግዲህ በሁለት በኩል ሊጎዳ ይችላል፦ ወይ ከመጀመሪያውም ዝቅ ያለ መሆኑ ሳይታወቅ ይጀምራል፣ ወይ ተፈጥሮው ያልገባው ሐኪም ያለ ምክንያት ይከለክለዋል። ስለዚህ ከዓመታት በፊት የተሠራ የደም ቆጠራ ወረቀት ካላችሁ ከመሳቢያ አውጥታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ለሐኪሙም «እኛ ዘንድ ይህ ቁጥር በተፈጥሮ ዝቅ ሊል ይችላል» በሉት፤ አዋቂ ሐኪም በዚህ አይቆጣም።

መድኃኒቱ ቤት ሲገባ ቦታው ፍሪጅ ነው፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ፣ ከነካርቶኑ፣ ብርሃን እንዳያገኘው። በረዶ ቤቱ ውስጥ አይገባም፤ ከበረዶ ቤቱ ግድግዳ ጋርም አይጠጋ። ይህ መድኃኒት ፕሮቲን ነው፤ አንዴ በረዶ ከሆነና ከቀለጠ ተበላሽቷል፣ መበላሸቱን ግን ዐይን አያይም። መናጥም ያበላሸዋል። በረዶ ሆኖ የነበረው ይጣል እንጂ «ገንዘብ ነው» ተብሎ አይወጋ። ከፍሪጅ ውጭ ከ24 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ መብራት የሚጠፋበት ሰፈር የምትኖሩ ይህን አስቀድማችሁ አስቡበት፣ በር ሳይከፈት የቆየ ፍሪጅ ቅዝቃዜውን ለሰዓታት ይይዛል። በሻንጣ ተጠቅልሎ ከባሕር ማዶ የመጣ መርፌ የቱ ጋ እንደሞቀ፣ የቱ ጋ እንደቀዘቀዘ ማን ያውቃል? እኔ ለራሴ ሰው እንዲህ የመጣውን እንዲወጋ አልመክርም። መንገደኛ ከሆናችሁ በእጅ ሻንጣ፣ በማቀዝቀዣ ቦርሳ፣ በረዶው መድኃኒቱን በቀጥታ እንዳይነካው በጨርቅ ለይታችሁ፣ ከሐኪም ደብዳቤ ጋር ያዙት።

ስለ አወጋጉ ቃል በገባሁት መሠረት አጭር እሆናለሁ፤ የመጀመሪያውን በነርስ ፊት ማድረግ ከማንኛውም ንግግር ይበልጣል። እጅ በሳሙና ይታጠባል። ሲሪንጁ ከፍሪጅ ወጥቶ የክፍሉን ሙቀት እስኪያገኝ ይጠበቃል፤ ሙቅ ውሃ ውስጥ አይነከርም። ፈሳሹ ጥርት ያለ፣ ቀለም የሌለው ወይም ፈዘዝ ያለ ቢጫ መሆን አለበት፤ ደፍርሶ ወይም የሚንሳፈፍ ነገር ኖሮበት ካያችሁ አትወጉት። የማብቂያ ቀኑ ይነበባል። የሚወጋው ከእምብርትና ከመቀነት ቦታ ራቅ ብሎ ሆድ ላይ ወይም ጭን ላይ ነው፤ ቦታው በየሳምንቱ ይቀያየራል፣ የቀላ፣ ያበጠ ወይም ጠባሳ ያለበት ቦታ ይታለፋል። ቆዳው በአልኮል ጥጥ ይጠረግና እስኪደርቅ ይቆያል። ከዚያ ቆዳውን በጣት ሰብሰብ አድርጎ መርፌውን ማስገባት፣ ቀስ ብሎ መግፋት፣ ማውጣት፣ ጥጡን ይዞ መቆየት፤ አይታሽም።

ቀኑን ምረጡ፤ ምርጫችሁም ይጽና። ብዙ ሰው የሚያርፍበት ቀን ዋዜማ ማታ ይስማማዋል፤ ትኩሳቱና የአጥንት ሕመሙ ከተወጉ ከሰዓታት በኋላ ስለሚመጡ ሌሊቱን ይተኛባቸዋል፣ በማግሥቱም ሥራ የለም። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይከብዳሉ፤ ከዚያ ለአብዛኛው ሰው ይቀላል። ውሃ መጠጣት ይረዳል። ፓራሲታሞል ይወሰዳል፣ ነገር ግን ልኩን ሐኪሙ ይወስን፤ ጉበቱ ለታመመ ሰው በቀን ከ2 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊግራሙ ከአራት ፍሬ እንዳያልፍ በብዛት ይመከራል። አረቄው፣ ጠጁ፣ ቢራው ለእነዚህ አሥራ አንድ ወራት ይቅር። የመርፌ ቀን የተረሳ እንደሆነ፣ ሁለት ቀን ሳይሞላ ካስታወሳችሁ ወዲያው ተወግታችሁ ቀጣዩን በተለመደው ቀን ውሰዱ፤ ሁለት ቀን ካለፈው ሐኪማችሁን ጠይቁ። ያመለጠውን ለማካካስ ሁለት መርፌ በአንድ ላይ መውሰድ ፈጽሞ አይገባም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስኩ፤ ወደ አእምሮ።

ኢንተርፌሮን ሰው ያስከፋል። ነገር አይደለም ያስከፋው፣ መድኃኒቱ ነው። በሳምንታት ውስጥ ሰውየው እንቅልፍ ያጣል፣ ትንሹ ነገር ሆድ ያስብሰዋል፣ ልጆቹ ላይ ይጮኻል፣ ከዚያ ብቻውን ይቀመጣል። ታግሶ የኖረ አባወራ በድንገት ትዕግሥት ያጣል። ቤተሰብ «ምን ነካው?» ይላል፤ አንዱ ቡዳ ነው፣ ሌላው መንፈስ ነው ይላል፣ ሦስተኛው ገንዘብ ቸግሮት ነው ይላል። ባለቤቱ ደግሞ ፍቅር የቀዘቀዘ ይመስላታል። መድኃኒቱን የሚጠረጥር አይኖርም፣ ምክንያቱም የሚታከመው ጉበት እንጂ ጭንቅላት አይደለማ! በመድኃኒቱ ማስጠንቀቂያ አናት ላይ በጥቁር ሣጥን ተከብቦ ከተጻፈው ውስጥ ግን ይህ አለበት፦ ከባድ ድብርት፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ፣ ሞትም። ከዚህ በፊት ምንም የአእምሮ ሕመም የማያውቀውን ሰው ጭምር ሊይዘው ይችላል።

ስለዚህ ማንም ሰው ይህን መርፌ በምስጢር አይውሰድ እላለሁ። ለሰፈሩ ይናገር አላልኩም፤ ለአንድ ሰው፣ አብሮት ለሚኖር ወይም በየሁለት ቀኑ ለሚያየው አንድ ሰው ይንገር። ያ ሰው ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ከሐኪሙ ጋር ይገናኝ፣ ስልክ ቁጥሩንም ይያዝ። የእሱ ሥራ ታካሚው ራሱ የማያየውን ማየት ነው። እንቅልፉ ተቀየረ? መብላት ተወ? የሚወደውን ሰው መሸሽ ጀመረ? «እኔ ባልኖርስ ምን ይጎድላችኋል» የሚል ቃል ከአፉ ወጣ? ይህ የመጨረሻው ከተሰማ ቀጣዩ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይኬዳል፣ ሰውየው ብቻውን አይተውም፣ ከሐኪም ጋር ሳይነጋገሩም ቀጣዩ መርፌ አይወጋም። ቀለል ያለው ድብርት በመድኃኒትና በምክር ሊታከም ስለሚችል ሁልጊዜ መርፌውን አያስቆምም፤ ውሳኔው ግን የሐኪሙ ነው። መርፌው ከቆመ በኋላም ይህ ስሜት ለጥቂት ጊዜ ሊቆይ ስለሚችል ያ አንድ ሰው ወዲያው ሥራውን አይልቀቅ።

ጠበል ስለመሄድ ብዙ ጊዜ ይጠየቃል። የሚከለክል ሐኪም አላውቅም፤ ሄዳችሁ ተጠመቁ፣ ጸልዩ። የማይሆነው ፍሪጅም የደም ምርመራም በሌለበት ቦታ መርፌ ይዞ ለወር ሱባዔ መግባት ነው፤ ወይም ለሐኪሙ ሳይናገሩ አቋርጦ መሄድ።

ደሙም በቀጠሮው ይታያል፤ በመጀመሪያው ወር ቶሎ ቶሎ፣ ከዚያ ወጣ እያለ፣ ታይሮይዱ በየሦስት ወሩ ገደማ። ከኒውትሮፊሉ ሌላ ለደም መርጋት የሚያገለግሉት ፕሌትሌቶች ይቆጠራሉ፤ ከ50,000 ሲወርዱ መጠኑ ወደ 90 ማይክሮግራም ይቀነሳል፣ ከ25,000 ሲወርዱ መድኃኒቱ ይቆማል። ከሁሉ የሚያስደነግጠው ግን የጉበት ኤንዛይሙ ዘልሎ መውጣቱ ነው። ሰው ወረቀቱን አይቶ «መርፌው ጉበቴን እየበላው ነው» ይላል። አንዳንዴ ተቃራኒው ነው፤ የነቃው መከላከያ ቫይረሱ የተደበቀባቸውን ሴሎች ማጽዳት ጀምሮ ይሆናል፣ ከዚያ በኋላም ጥሩ ውጤት ሊከተል ይችላል። አንዳንዴ ደግሞ እውነተኛ አደጋ ነው። ሁለቱን የሚለየው ዐይንን ቢጫ የሚያደርገው ቢሊሩቢን፣ የደም መርጋቱና የታካሚው ሁኔታ ስለሆነ በስልክ የሚገመት ነገር አይደለም። ዐይን ቢጫ ከሆነ፣ ሆድ ከተነፋ፣ ትኩሳቱ ከተወጉበት ቀን አልፎ ከቀጠለ፣ ደረት ከወጋ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም እይታ ከደበዘዘ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ነው።

በዚህ መካከል የሰንሰሉ ቅጠል፣ የእንዶዱ ሥር ይመጣል። አያቶቻችን ለወፍ በሽታ ሲያጠጧቸው ኖረዋል፤ የሚሰጡትም ወዳጆች ናቸው። ችግሩ ኤንዛይሙ ሲዘል ከመርፌው ይሁን፣ ከቫይረሱ ይሁን፣ ከሥሩ ይሁን ሐኪሙ መለየት አለመቻሉ ነው፤ እንዶድ ደግሞ ራሱ መርዝነት አለው። ጠጥታችሁም እንደሆነ ንገሩት። የሚቆጣ ሐኪም ካልተነገረው ሐኪም ይሻላል።

በ12ኛው ሳምንት ላይ አንድ ምርመራ አለ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ጠይቁበት። ኢ-አንቲጅን በሌለበትና ዝርያው ዲ በሆነ ሰው፣ የላይ ሽፋኑ አንቲጅን መጠን ምንም ካልቀነሰና የቫይረሱ ቁጥር መቶ እጥፍ ካልወረደ፣ የቀሩት 36 ሳምንታት ይጠቅማሉ ተብሎ አይጠበቅም። በአውሮፓ መመሪያ መሠረት እዚያው ይቆማል። ያን ጊዜ ማቆም ሽንፈት መስሎት «ጀምሬዋለሁ፣ ልጨርሰው» የሚል ጀግና አለ። ጉልበቱን ለክኒኑ ያቆየው።

የተጠቀማችሁበት መርፌ ክዳኑ በእጅ አይመለስም፤ ብዙ ሰው የሚወጋው ያን ጊዜ ነው። በቀጥታ ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ይግባ፤ ከሌለ ወፍራም የፕላስቲክ የሳሙና ዕቃ፣ ክዳኑ ጥብቅ የሆነና የማይበሳ። ሦስት አራተኛው ሲሞላ ወደ ጤና ተቋም ይመለሳል። ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ከተጣለ፣ ያቺን የሰባት ቀን ነገር አስታውሱ፣ ቆርቆሮ የሚለቅመው ልጅ ያገኘዋል። ለሌላ ሰው ማዋስ፣ የተረፈውን ለሌላ ቀን ማስቀመጥ የለም።

ቤተሰቡ ሁሉ ይመርመር፤ ቫይረሱ የሌለበት ይከተብ። ምላጭ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ የጥፍር መቁረጫ ለየብቻ ይሁን። መሶቡ ግን አንድ ይሁን፤ በጉርሻ፣ በስኒ፣ በመተቃቀፍ አይተላለፍም። ሳህን የተለየበትን ሰው አይቻለሁ፣ ሐዘኑ ከበሽታው ይብሳል፤ ለዚያውም ኢንተርፌሮን ለሚወስድ ሰው፣ አእምሮው በተሸበረበት ወራት።

48ኛው መርፌ ሲወጋ ሰው ድግስ ያምረዋል። ድግሱ ይሁን፣ ግን ጠላ አይጠመቅበት። ውጤቱ በዚያ ቀን አይነገርም፤ ከስድስት ወር በኋላ ነው የሚለካው፣ አንዳንዱ መልካም ለውጥም የሚመጣው በእነዚያ ወራት ነው። ኤንዛይሙ እንደገና ሊዘል የሚችለውም በእነዚሁ ወራት ስለሆነ ደሙ መታየቱን ይቀጥላል። የላይ ሽፋኑ አንቲጅን ቢጠፋ እንኳ ሲሮሲስ የሚባለው የጉበት መጠጠር የነበረበት ሰው የጉበት አልትራሳውንዱን በየስድስት ወሩ አያቋርጥም፤ አፍሪካ ውስጥ ለተወለደ ሰው ደግሞ የጉበት ካንሰር በለጋ ዕድሜ ሊመጣ ስለሚችል ክትትሉ መቼ መጀመር እንዳለበት ሐኪሙን ይጠይቅ። ወደፊት ለካንሰር ወይም ለመገጣጠሚያ ሕመም የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት ቢታዘዝላችሁ፣ ሄፓታይተስ ቢ እንደነበረባችሁ በመጀመሪያ ተናገሩ፤ በአስኳሉ የቀረው ቅጂ ሊነሣ ይችላል።

ጥያቄ ያላችሁ በወረቀት ጽፋችሁ ወደ ፊት አሳልፉልኝ፤ ስም አይጻፍበት። የላብራቶሪ ወረቀት ይዛችሁ የመጣችሁ ደግሞ እዚህ በሰው ፊት አታንብቡት፤ ስንጨርስ በጎን በኩል ባለችው ክፍል እቆያለሁ።